ከኦፕራሲዮን በኋላ ምስጋና፦ ብሩን ተይው፣ ስማቸውን ያዢ

እህቴ፣ «እናቴ ጎንደር ላይ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጋ በአራተኛ ቀኗ ወጣች፤ ያከሙልንን ሰዎች እንዴት ላመስግን? ብር በፖስታ ላድርግ፣ ኬክ ልግዛ ወይስ ደብዳቤ ልጻፍ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንኳን እግዜር ማረልሽ። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ለምስጋና ደክሞ ምስጋናው ለማይመለከተው ሰው ይደርሳል።

ብሩን ተይው። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ መሥራት ለሚገባው ሥራ ጥቅም ከተቀበለ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊጠየቅ ይችላል፤ ደግ አደርጋለሁ ብለሽ ሰውየውን እሳት ላይ ትጥጂዋለሽ። ወሬውም ሌላ ጣጣ ነው። አጠገባችሁ ያለችው አስታማሚ ፖስታውን ካየች እሷም መክፈል ያለባት ይመስላታል፤ እሷ ደግሞ ከጭልጋ ወይ ከደምቢያ የመጣች፣ የመድኃኒቱን ብር ከዘመድ የለቀመች ልትሆን ትችላለች።

ዋናው ነገር ስም ነው። ቤተሰብ የሚያውቀው ቀዶ ሐኪሙን ነው፤ መውጫ ወረቀቱ ላይም የምታገኚው የፈረመውን ሐኪም ብቻ ነው። የጎንደሩ ደግሞ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀምር ጀምሮ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች በቡድን የሚሠሩበት ቤት ነው። ስለዚህ በአንድ ኦፕራሲዮን ዙሪያ ሲኒየሩ (ዋናው ስፔሻሊስት ሐኪም)፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም)፣ ኢንተርኑ (ሊመረቅ የደረሰው የሕክምና ተማሪ)፣ ሰመመን ሰጪው፣ ስክራብ ነርሷ (ለቀዶ ሐኪሙ መሣሪያ የምታቀብለው)፣ እስክትነቃ ሪከቨሪ ላይ የጠበቀቻት ነርስ፣ በየፈረቃው የሚቀያየሩት የዋርድ ነርሶች፣ አልጋዋን የገፋው ፖርተርና የጽዳት ሠራተኛዋ አሉ። ብትቆጥሪያቸው ከአሥር ይበልጣሉ።

ከሁሉም የሚረሳው ሰመመን ሰጪው ነው። በሽተኛዋን ከመተኛቷ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ያናግራታል፤ ከዚያ በኋላ እሷ የምታስታውሰው የለም። ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ የደም ግፊቷን፣ ትንፋሿንና ኦክስጅኗን ዓይኑን ሳይነቅል ሲጠብቅ የቆየው ግን እሱ ነው። እሷ ስትነቃ እሱ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄዷል።

ስም ለማግኘት ካርድ አታገላብጪ፤ አይፈቀድልሽም፣ አያስፈልግሽምም። ቀንና ሰዓት ይዘሽ የዋርድ ኃላፊዋን ጠይቂ፤ የነርሶቹን ስም ከተረኛ ፕሮግራሙ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ሠራተኞቹን ደግሞ ከኦፕራሲዮን መዝገቡ ታወጣልሻለች። ሰው የሚሳሳተው ሌሊቱ ላይ ነው። «ጥር 13 ሌሊት» ካልሽ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አይታወቅም፤ «ጥር 13 ለ14 አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት» በይ። ሕክምና ወረቀት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ልታገኚ ስለምትችዪ፣ ደብዳቤሽ ላይ ከማስፈርሽ በፊት ወደ እኛው መልሺውና «ዓ.ም.» ብለሽ ዝጊው። ይህን ሁሉ ከመውጣታችሁ በፊት መያዝ ይሻላል። ለከተማ ሰው ተመልሶ መጠየቅ ቀላል ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከደባርቅ ለመጣ ሰው ግን ከወጣ ወጣ ነው።

ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። «ለሆስፒታሉ ሠራተኞች በሙሉ» ተብሎ የተጻፈ ምስጋና ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይከርማል፣ ለማንም አይጠቅምም። አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት፦

«እናቴ በካርድ ቁጥር … ጥር 13 ቀን … ዓ.ም. የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ተደርጎላት በቀዶ ሕክምና ዋርድ አልጋ ቁጥር … ተኝታ ነበር። ለ14 አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲያስመልሳት ተረኛዋ ሲስተር እገሊት ወዲያው መጥተው በጎኗ አስተኝተው አፏን አጸዱላት። መርፌ ከሰጧት ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሳይጠሩ ተመልሰው አዩዋት። ስለ እንክብካቤያቸው እያመሰገንኩ፣ ደብዳቤው ከግል ማኅደራቸው ጋር እንዲያያዝልኝ እጠይቃለሁ።»

ያቺ «ሳይጠሩ ተመልሰው» የምትለው ቃል «እጅግ ጎበዝና ትሑት ባለሙያ» ከሚል አንድ ገጽ ውዳሴ ትበልጣለች። መድኃኒት ሰጥቶ መሄድ አለ፣ ሠራ አልሠራ ብሎ መመለስ አለ፤ አለቃቸው ልዩነቱን ያውቃል። የሥራ አፈጻጸም ሲሞላም በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ደብዳቤውን ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አድርጊው፤ ግልባጭ ለነርሲንግ ኃላፊዎች፣ ለሰው ሀብትና ለዋርዱ። በሦስት አራት ኮፒ መዝገብ ቤት አስገቢና አንዱ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈሽ ለራስሽ አስቀሪ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ጽዳቶቹ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ከሆኑ የሆስፒታሉ ሰው ሀብት የእነሱ ማኅደር የለውም፤ ለኤጀንሲው ሌላ ግልባጭ ጻፊ። ቅሬታም ካለሽ ለብቻው በሌላ ወረቀት ይሁን፤ በምስጋናው መሃል «ነገር ግን» ካልሽ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ምግብ መውሰድ ክፋት የለውም፤ የሀገሩም ወግ ነው። ኬክ ግን አልመክርሽም። ቅቤና እንቁላል ስላለበት ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም ግማሹ ሰው ሳይነካው ይቀራል። ሥጋ ያለበት ነገርም ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን እኩል አያገናኝም። በኮባ የተጋገረ፣ ቅቤ ያልገባበት አንድ ድፎ ዳቦ ሁሉንም ያስማማል። ቤት ቆርጠሽው ሂጂ፤ ዋርድ ውስጥ ቢላ ፍለጋ አትዙሪ። ሁለት ፔርሙዝ ሻይና የሚጣል ብርጭቆ ከጨመርሽበት ለአንድ ፈረቃ ይበቃል። የሚበላው ነርሶች ክፍል ነው እንጂ በሽተኛ አጠገብ አይደለም፤ ኦፕራሲዮን ክፍልና ጽኑ ሕሙማን በር ላይም አይወሰድም። ቡና ላፍላ የምትዪ ከሆነ ደግሞ ከግቢ ውጭ ይሁን፦ ኦክስጅን ባለበት ከሰልም ዕጣንም አይጨስም። ትኩስ አበባም ለቀዶ ሕክምና ዋርድ አይሆንም፤ ውሃው ጀርም ያፈራል።

ሰዓቱን አስቢበት። ጠዋት ራውንድ ነው፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ ያያሉ፤ ያኔ ድፎ ተሸክሞ የሚገባ ሰው እንቅፋት ነው። ከሰዓት 8 ወይም 9 ሰዓት አካባቢ ይሻላል። እናትሽን ሌሊት የጠበቁት ግን በዚያ ሰዓት ቤታቸው ተኝተዋል፤ ግማሹን ለማታ ገቢዎቹ አስቀምጡልኝ በዪ፣ ወይም ማታ ተመለሺ።

ሌላው፣ ሰው የማያስበው ነገር፣ ከውጭ ገዝታችሁ የተረፈው ዕቃ ነው። ያልተከፈተ ጓንት፣ ስሪንጅ፣ ግሉኮስ፣ ፋሻና ፕላስተር ካላችሁ ለዋርድ ኃላፊዋ አስረክቡ፤ መግዣ ላጣ በሽተኛ በዚያው ቀን ይደርሳል። ማሸጊያው ያልተቀደደና ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት። ፍሪጅ የሚፈልግና ቤታችሁ የከረመ መድኃኒት ግን አይሰጥም፤ ብርዱን መጠበቁን የሚያረጋግጥ የለም። ራስሽ ለጎረቤት በሽተኛ አታቀብዪ፤ ለማን ምን እንደታዘዘ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደም መስጠትም ከምስጋና ይቆጠራል። እናትሽ አሁን አትችልም፤ ከቤተሰቡ ግን ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ጎንደር ደም ባንክ ሄዶ መስጠት ይችላል።

ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ካልሽ መጀመሪያ እናትሽን፣ ቀጥሎ ባለሙያውን አስፈቅጂ። ፎቶውን ከመልቀቅሽ በፊት ከኋላ ያለውን እዪ፦ የሌላ በሽተኛ ፊት ወይም አልጋው ራስጌ የተለጠፈ ስም ይኖራል። የባለሙያውን ስልክ ቁጥር አትጻፊ፤ በማግስቱ ከመተማ እስከ ሁመራ ይደወልለታል።

የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም። ክትትሉ በተመላላሽ ስለሆነ ዋርድ ያስታመሟት ነርሶች በእግሯ ስትሄድ አያዩዋትም፤ እነሱ የሚያውቋት ስታቃስት ነው። የቀጠሮዋ ዕለት ደረጃ መውጣት ከቻለች በዋርዱ በኩል አሳልፊያት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንቺ ዝም በዪና እሷ ራሷ ትመርቃቸው።