ከአዲስ አበባ ዳር ቤት ስለመከራየት፦ ለጠያቂዋ እህታችን

ጠያቂዋ እህታችን እንደገለጹት፣ በመስከረም ከኬንያዊ ባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ ይዛወራሉ፤ ባለቤታቸው በስታዲየም አካባቢ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይሠራሉ፤ ከመሀል ከተማ ጫጫታ የራቀ፣ ግቢ ያለውና ጸጥ ያለ ቤት ስለሚፈልጉም ከአያት፣ ከለገጣፎና ከለቡ የቱ እንደሚሻል ይጠይቃሉ። እኔ በ2009 ዓ.ም. ከሆላንዳዊት ባለቤቴ ጋር ወደ አገሬ ስመለስ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሦስት ቤት ስለቀየርንና ለእርሷ የሥራ ባልደረቦች ቤት ለማፈላለግ ብዙ ስለዞርኩ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

በከተማው ዳርቻ የሰፈር ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከአደባባዩ አጠገብ ያለው ባለ አስፋልት የቪላ መንደርም አያት ነው፤ ወደ ጨፌ በኩል ያለው የኮንዶሚኒየም ሰፈርም አያት ነው፤ ገና ግማሹ ቤት በግንባታ ላይ ያለበት፣ መንገዱ ያልተነጠፈ ቅያስም ደላላው ስልክ ሲያነሣ አያት ነው። የአያት ጎረቤት የሆነው ሰሚትም ከዚህ አይለይም። ስለዚህ እርስዎ የሚመርጡት ሰፈሩን ሳይሆን ቅያሱን፣ ይልቁንም ከዋናው አስፋልት እስከ ግቢዎ በር ያለውን የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ቤታችን ነው። ቤቱን ያየነው በጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከየካ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዟል፣ ከጓሮው አንድ ትልቅ የኮክ ዛፍ ቆሟል፤ ባለቤቴም ሳሎኑን እንኳ ሳታይ በዛፉ ተሸነፈች። ደላላው «ከአስፋልቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው» አለን። እውነቱን ነበር፣ ለጥቅምት። ሐምሌ ሲገባ ቅያሱ ወደ ጭቃ ተለወጠ፤ የከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ መሬት በመሆኑ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጫማም ይዞ ያስቀራል። ባጃጆቹ ወደ ውስጥ አንገባም አሉ። ባለቤቴ ቦት ጫማ አድርጋ፣ የቢሮ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ እስከ አስፋልቱ ትወጣና ከአንዲት ሱቅ ደጃፍ ቀይራ፣ ቦቱን ለባለሱቋ አደራ ሰጥታ ትሄድ ነበር። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ አሳለፍነው።

ይኸው ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጠለቅ ብሎ ያልተሠራ ቤትም አብሮት ይሰነጠቃል። ቤት ሲያዩ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለ በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ በተለይ አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ።

ከመንገዱ ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ ነው። በብዙ ሰፈሮች ውኃ የሚከፋፈለው በፈረቃ ሲሆን፣ በእኛ ቅያስ የሚመጣው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ከተማዋን ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ የሆነው ለገዳዲ ያለው በእኛው፣ በምሥራቁ አቅጣጫ ቢሆንም፣ ቅርበቱ ለፈረቃው ምንም አልፈየደም። ውኃው ሲመጣ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ አይወጣም፤ አከራዩ መሬት ላይ ሌላ ሮቶና ፓምፕ ካላስቀመጠ በቀር ጎረቤት ሲቀዳ እርስዎ ድምፁን እየሰሙ ይተኛሉ። እኛ ሁለተኛውን ሮቶ በራሳችን ወጪ እስክናስገባ ድረስ በቦቴ ውኃ እናስመጣ ነበር፤ ቦቴውም ቢሆን በክረምት ያንን ቅያስ ደፍሮ አይገባም። መብራትም ይጠፋል፤ ነገር ግን መብራት በባትሪም በጄኔሬተርም ይተካል፣ ውኃ ግን ሁለት ልጆች ባሉበት ቤት ምትክ የለውም።

አሁን ወደ ዕለታዊው ጉዞ ልምጣ። ከአያት አደባባይ እስከ ስታዲየም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ከወጣሁ 1 ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ፤ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከወጣሁ ግን መገናኛ ላይ ተይዤ 2 ሰዓት ከሩብ ያልፋል። ባለቤትዎ መኪና ለመንዳት የማይጓጉ ከሆነ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄድ በስታዲየም ስለሚያልፍ ያለ ቅያሪ ያደርሳቸዋል። የሚመላለሱት ባቡሮች ከመጀመሪያው ጊዜ በእጅጉ ስለቀነሱ ጠዋት ላይ መጋፋት አለ፤ ያም ሆኖ እኔ ቀጠሮ ሲኖረኝ መኪናዬን ትቼ በእርሱ የሄድኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

ልጆችዎ የት እንደሚማሩ ግን አልጻፉም፤ እውነቱን ለመናገር ከባለቤትዎ መሥሪያ ቤት ይልቅ ቤቱን የሚመርጥልዎ ትምህርት ቤቱ ነው። ለምሳሌ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ልጆቻቸውን የሚልኩበት ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል የሚገኘው በአሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ፣ ማለትም ከአያት ሲታይ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ነው። አንድ የምናውቀው ቤተሰብ አያት እየኖረ ልጆቹን እዚያ ያስተምር ነበር፤ ልጆቹ ቁርሳቸውን መኪና ውስጥ ይበላሉ፣ የቤት ሥራቸውንም መኪና ውስጥ ይጨርሳሉ፤ በመጨረሻ ዓመቱ ሳያልቅ ለቡ ገቡ። እርስዎም ያንን ወይም በዚያ አቅጣጫ ያለ ትምህርት ቤት ከመረጡ ስለ አያት ማሰቡን ይተዉትና ለቡን ይዩ። እኔ እዚያ ኖሬ አላውቅም፤ ነገር ግን ለእንግድነት በሄድኩ ቁጥር ግቢዎቹ ሰፊ፣ ለቀለበት መንገዱም የቀረቡ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የጅቡቲው ባቡር ጣቢያም እዚያው ስለሆነ ልጆቹን ወደ ድሬዳዋ ለመውሰድ ያመቻል፤ ይህ ግን ቤት የሚያስመርጥ ምክንያት አይደለም።

ለገጣፎን በተመለከተ አየሩና የግቢው ስፋት ከሁሉም ይበልጣል። ሆኖም ለገጣፎ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ሳትሆን በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናት፤ የቤት ውልም ሆነ ሌላ ጉዳይ የሚፈጸመው በዚያ ጽሕፈት ቤት ነው፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን ለሚያውቅ ይህ ምንም አይደለም፤ እርስዎ ካላወቁ ግን የሚያግዝዎ ሰው አስቀድመው ይያዙ። ማታ ከመሀል ከተማ ሲመለሱም በስልክ የሚጠሩት ታክሲ ጣፎን ለመሻገር ሊያቅማማ ይችላል።

ስለ ውሉ ሁለት ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው አከራዩ የውጭ ዜጋ ሲያይ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅና አንዳንዱም ዋጋውን በዶላር ስለሚናገር ነው። ሁለተኛው አከራያችን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ በሳምንቱ «በዶላር ሲታሰብ ተጎድቻለሁ» ብሎ ጭማሪ ጠየቀን፤ ውሉ በብር የተጻፈና የተመዘገበ ስለነበር ነገሩ በአንድ ስኒ ቡና አለቀ። ቤት ለማየት መጀመሪያ ብቻዎን ይሂዱ፤ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ይውሰዷቸው። እኛ ሁለተኛውን ቤት ስንፈልግ ባለቤቴ ራሷ መኪና ውስጥ ተደብቃ ትጠብቀኝ ነበር፤ እስካሁን ትስቅበታለች።

ጸጥታ ያሉትን ግን እንደገና ቢያስቡበት እወዳለሁ። ዳርቻው ከመኪና ጥሩምባ እንጂ ከድምፅ ነጻ አይደለም፤ ቀን የግንባታ መፍጫው፣ ሌሊት ውሾቹ፣ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ ከተራራው ሥር ከሆኑ ደግሞ ጅቡ አለ። ባለቤቴን ያስቸገራት ግን ጸጥታው እንጂ ድምፁ አልነበረም። በሁለተኛው ቤታችን፣ ባለ ጥበቃና ባለ አንድ በር በሆነው የቪላ መንደር፣ ጎረቤት ሁሉ በመኪና ገብቶ በመኪና ይወጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቡና የጠራን ሰው አልነበረም። አሁን ከአያት ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሲኤምሲ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከአስፋልቱ በእግር ሦስት ደቂቃ ላይ ነን፤ ግቢው ጠባብ ነው፣ የኮክ ዛፍም የለም፤ ነገር ግን እድር ገብተናል፣ የሰፈሩ ሴቶችም ባለቤቴን በአማርኛዋ እየሳቁ አማርኛ አስተምረዋታል። የልጆችዎ ትምህርት ቤት በምሥራቅ በኩል ከሆነ እኔ የምመክርዎ ይህንኑ መስመር ነው፤ ከሲኤምሲ እስከ አያት አደባባይ፣ ከአስፋልቱ ሳይርቁ፣ ከአደባባዩም ሳያልፉ።

በመስከረም መምጣትዎ ጥሩ ነው፤ ቅያሶቹ ገና ስላልደረቁ ጭቃቸውን ሊደብቁዎ አይችሉም። የመጀመሪያውን ወር በእንግዳ ማረፊያ ይቆዩና የወደዱትን ቤት አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሂዱበት። የውኃውን ፈረቃ አከራዩን ሳይሆን ከጎን ያለችውን ባለሱቅ ይጠይቁ። ከዚያም ግቢው ውስጥ ያለውን ሮቶ ከላይ እስከ ታች በሳንቲም አንኳኩት፤ ባዶው የት ላይ እንደሚጀምር ድምፁ ይነግርዎታል።