ስምንት ደብተር ሞልቼ አንዷን መስመር አጣኋት

በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች ሶስቱ ሳይነጋገሩ ስለ ማስታወሻ አያያዝ ነው የጠየቁኝ፣ ሁለቱ የጻፍኩት የት ገባ፣ አንዱ ደግሞ መጻፍስ ያስፈልጋል ወይ ነው ነገሩ። ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እናቆየውና ዛሬ በዚሁ እንሂድ።

ጥያቄ

ጋሼ እንዴት ከርመዋል። ባህር ዳር 3ኛ አመት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ ቤተሰብ ያለው ቢቸና ነው። የኔ ችግር ኖት አለመያዝ አይደለም፣ እንዲያውም ያለልክ እይዛለሁ፣ ስምንት ደብተር አለኝ፣ ስልኬ ላይ የሰሌዳና የስላይድ ፎቶ ብቻ ከ2000 በላይ ነው፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ደግሞ ፒዲኤፍና ሊንክ ታጭቆበታል። ፈተና ሲመጣ ግን ያቺን አንድ ፎርሙላ የት እንደጻፍኳት አላገኛትም፣ መጨረሻ ላይ የጓደኛዬን ደብተር ኮፒ አርጌ እገባለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ኖሽን የሚባለውን የማስታወሻ አፕ አውርጄ አንድ ሳምንት ሙሉ ገጹን ሳሳምር ኢሞጂ ስመርጥ ሚድ ደረሰብኝ። አፕ ልቀይር ወይስ እኔው ነኝ የማልረባው?
ግራ የገባው፣ ከባህር ዳር

መልስ

ትረባለህ፣ አትስጋ። ቤተሰብ ቢቸና ካልክ ነገሩን በጤፍ ላስረዳህ። አባትህ እህሉን ሲያስገባ ይሄ ከላይኛው ማሳ ነው ይሄ ከታችኛው ነው ብሎ አይደለም የሚለየው፣ ይሄ ለዘር ይሄ ለቀለብ ይሄ ለገበያ ብሎ ነው። ዘሩ ከቀለቡ ከተቀላቀለ ተፈጭቶ ይበላና ሐምሌ ላይ ጎረቤት ደጅ መቆም ይመጣል። አንተ ደግሞ ኖትህን የምትለየው በመጣበት ነው፣ ከክላስ የመጣው ደብተር ውስጥ፣ ከሰሌዳ የመጣው ጋለሪ ውስጥ፣ ከግሩፕ የመጣው ቴሌግራም ውስጥ። የምትፈልገው ቀን ግን ከየት እንደመጣ ትዝ አይልህም፣ ትዝ የሚልህ ለምን እንደፈለግከው ነው።

እኔም ብሆን ካንተ አልሻልም ነበር። አመታት ሙሉ ማስታወሻዬን እንደ ስንክሳር በቀን በቀን ነበር የማስቀምጠው፣ ሐምሌ 5 ይሄን ሰማሁ፣ ሐምሌ 6 ይሄን አነበብኩ እያልኩ። ስንክሳር ያማረለት አንባቢው ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ አውቆ ስለሚከፍተው ነው። እኔ የመስኖ ነገር የሰማሁበትን ቀን በምን አውቄ ልክፈተው? አንድ ጊዜ አንዲት መስመር ፍለጋ ከምሳ እስከ እራት ገጽ ሳገላብጥ ዋልኩ፣ አላገኘኋትም፣ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ራሷ ወጣች።

ስለዚህ ባጭሩ ሶስት ቦታ ብቻ ይኑርህ። ቀለብ በለው ለፈተና የሚሆነውን፣ በየኮርሱ። ገበያ በለው አሁን የምትሰራውንና ለሰው የምታስረክበውን፣ ፕሮጀክት፣ አሳይመንት፣ ሪፖርት። ዘር የምለው ደግሞ ዛሬ ለምንም የማይሆን ግን ያጓጓህን ነገር ነው፣ አንድ ድልድይ አይተህ ለምን እንዲህ ተሰራ ያልከው አይነት። እሱ ለብቻው ይቀመጥ፣ ከቀለቡ ጋር ከደባለቅከው ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ይጣላል።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ፎቶ ማንሳት ኖት መያዝ አይደለም፣ ለማታ ቀጠሮ መያዝ ነው። በዚያው ቀን ማታ ከፍተህ ዋናዋን ነገር በራስህ አነጋገር ወደ ደብተርህ ታወርዳለህ ከዛ ፎቶውን ታጠፋለህ። ያሉትን 2000 ፎቶዎች ግን እንዳትነካቸው! ሰው ሲስተም ልቀይር ሲል መጀመሪያ የድሮውን ላስተካክል ብሎ ሶስት ቀን ይሰራና ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ይተዋል፣ በአይኔ አይቻለሁ። ባሉበት ይደሩ። አንዱን ፈልገህ ያገኘኸው ለታ እሱን ብቻ ወደ አዲሱ ቦታ አምጣው፣ በአመት ውስጥ የሚጠቅሙት ራሳቸው ተጠራርተው ይመጣሉ፣ ሌላው መጀመሪያም አያስፈልግህም ነበር።

ደብተርህን ደግሞ ገጽ ቁጥር ስጠው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ለማውጫ ባዶ ተዋቸው። ይሄን ብቻ ብታደርግ ያቺ ፎርሙላ አትጠፋም ነበር። ከዛ ገጹን ከግራ በኩል ሶስት ጣት ያህል በመስመር ለይ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋልተር ፓክ ያስተዋወቀው አያያዝ ነው፣ በቀኝ በኩል ክላስ ውስጥ ትጽፋለህ፣ በግራ በኩል ማታ ጥያቄ ታወጣለታለህ፣ ከታች ሁለት ሶስት መስመር ማጠቃለያ። ስታጠና ቀኙን በእጅህ ሸፍነህ ለግራው ጥያቄ ትመልሳለህ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልል ነገር ነው፣ ስታነበው የምታውቀው ይመስልሃል፣ ስትሸፍነው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ራሱን መፈተኛ አርጎ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ ስንቱን እንደሚረሳ ለካ፣ መርሳቱ በመጀመሪያዎቹ ሰአታት በጣም ፈጣን ነው፣ በኋላ ረጋ ይላል። እና ክለሳ በዚያው ማታ፣ ከዛ ከሶስት አራት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ እያለ ይራራቅ፣ በፈተና ዋዜማ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም።

አፕ? የፈለግከውን። ግን 2016 ዓ.ም. ስንት ወር ያለ ሞባይል ዳታ እንደከረምን አንተም ታውቃለህ፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ቦታ ላይ ዘርህን አታስቀምጥ። ኦብሲዲያን ለምሳሌ ጽሁፉን እዛው ስልክህ ወይ ላፕቶፕህ ላይ ተራ ፋይል አርጎ ነው የሚያስቀምጠው፣ አፑ ነገ ቢዘጋ እንኳ ፋይሉ በማንኛውም ነገር ይከፈታል። ኢሞጂውን ግን ተመርቀህ ስራ ስትይዝ ትመርጣለህ።

ጥያቄ

ጋሽዬ፣ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። አጭር ልቦለድ መጻፍ እወዳለሁ። ከአያቴ የሰማሁትን ሙሾና አባባል፣ ገበያ ላይ የሰማሁትን ጨዋታ ሁሉ እይዛለሁ፣ ሀሳብ የሚመጣልኝ ግን ወጥ ሳማስል ነው ወይ ልጅ ሳጥብ፣ እጄ ሲደርቅ ስልኬ ላይ ቶሎ ጻፍ አደርጋታለሁ ወይ በድምጽ እቀዳታለሁ። ልጽፍ ስቀመጥ ግን ሰርች ባደርግ ባደርግ አይመጣም፣ እንደጻፍኩት እርግጠኛ ነኝ እኮ! ቢመጣም ደግሞ አንዱ ካንዱ አይገናኝም፣ የተበታተነ ጭራሮ ነው፣ ከዚህ እንዴት ታሪክ ይወጣል?
ወጥ አማሳይዋ

መልስ

እህቴ፣ የመጀመሪያው ችግርሽ ያንቺ ሳይሆን የፊደላችን ነው፣ ማንም አይነግረንም እንጂ። ስልኩ ሰውና ሠውን እንደ ሁለት የተለያየ ቃል ነው የሚያያቸው። ፀሐይን ውሰጂ፣ በጸሎቱ ጸ ወይ በፀሐዩ ፀ፣ ከዛ በሀ በሐ በኀ፣ ሁለቱን በሶስቱ ስታባዢው ስድስት አይነት አጻጻፍ ነው፣ ሃን ሓን ኃን ሳልቆጥር። አንቺ ቸኩለሽ በአንዱ ጽፈሽ ተረጋግተሽ በሌላው ትፈልጊያለሽ። በዛ ላይ ቃላችን መጨረሻው ይለዋወጣል፣ ሰርግ ብለሽ ብትፈልጊ ሰርጉ ብለሽ የጻፍሽው ላይመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም ለስልኩ ግ እና ጉ ሌላና ሌላ ፊደል ናቸው። መነሻውም ያስቸግራል፣ አንዳንዱ አፕ ከቃሉ መጀመሪያ ብቻ ስለሚፈልግ በሰርጉ ብለሽ የጻፍሽውን ሰር ብትይም አያገኘውም።

መላው ቀላል ነው። ማስታወሻዋን እንደፈለግሽ ጻፊያት፣ ከስሯ ግን ሁልጊዜ በአንድ አይነት ፊደል የምትጽፊው አንድ ሁለት መጥሪያ ቃል አድርጊ፣ ሃሽታግ ሙሾ፣ ሃሽታግ ገበያ፣ ሃሽታግ አያቴ። ቃላቱ ከአስራ አምስት ባይበልጡ ደስ ይለኛል፣ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ የስልክሽ ከቨር ውስጥ ክተቺው። ለድምጹም እንደዛው፣ ቀድተሽ እንደጨረስሽ ከስሩ ሶስት ቃል ጻፊበት፣ ስም የሌለው ድምጽ እንደጠፋ ቁጠሪው። ማን ቁጭ ብሎ አርባ ቅጂ ያዳምጣል።

ሁለተኛው ችግርሽ ግን ደስ የሚል ችግር ነው። ኒክላስ ሉማን የሚባል ጀርመናዊ የሶሺዮሎጂ ሊቅ ነበር፣ 1998 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው፣ መጀመሪያ የመንግስት መስሪያ ቤት ሰራተኛ ነበርና ያኔ ነው በትናንሽ ካርድ ማስታወሻ መያዝ የጀመረው። ዕድሜውን ሙሉ 90,000 ያህል ካርድ አጠራቀመ፣ ከዛ ሳጥን ውስጥ ስንት አስር መጽሐፍና ስንት መቶ ጽሁፍ ወጣ። ምስጢሩ በርዕስ አለመከፋፈሉ ነው። አንድ ካርድ ላይ አንድ ሀሳብ ብቻ ይጽፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አዲስ ሀሳብ ሲመጣ ይሄ የየትኛው ቀጣይ ነው ብሎ ከጎኑ ይሸጉጠዋል። በኛ ቢሆን 12 ብለሽ የጀመርሽው ላይ 12ሀ፣ 12ለ፣ የ12ለ ልጅ ደግሞ 12ለ1 እያለ እንደ ዘር ሀረግ ይወርዳል ማለት ነው። ሩቅ ካለ ካርድ ጋር ከተዛመደም ቁጥሩን ይጽፍበታል።

አንቺ 90,000 አያስፈልግሽም። ደብተር በአራት ቆርጠሽ የጫማ ካርቶን ውስጥ ብትጀምሪ ይበቃል፣ እኔ ለዚህ ስራ ከስልክ ይልቅ ካርድ ነው የምወደው፣ ምንጣፍ ላይ ዘርግተሽ ማየት ትችያለሽ። እና እያንዳንዱ ካርድ ስር አንድም ብለሽ ጀምሪና አንድ መስመር ጨምሪ። አንድምታ ያወረሱን ሊቃውንት እንደዛ አልነበር የሚያደርጉት፣ አንዱን ቃል ፈትተው አንድም ብለው ሌላ መንገድ ያወጡለታል። አያትሽ ለባሏ ያወረደችው ሙሾ አንድ ካርድ ነው እንበል። ሳምንት ቆይተሽ ገበያ ላይ በሬውን ሸጦ ገመዱን ይዞ የሚመለስ ሰው አየሽ፣ ሁለተኛ ካርድ። ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጪና አንድም፣ ይሄ ሰውዬ ሙሾ የማያወርድለት ሀዘን ነው ያለበት ብለሽ ትጽፊያለሽ። እዚህ ጋ ታሪክ ተጀመረ እኮ! ጭራሮውን የሚያገናኘው ያቺ አንድም የምትባል መስመር ናት፣ ዝም ብሎ ቢከማች አይገናኝም።

ሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ቡና ሲፈላ ይሁን፣ የሳምንቱን የስልክ ጽሁፍ አውጥተሽ እያት። ግማሹ ለምን እንደጻፍሽው አይገባሽም፣ ጣይው አትሳሺለት። የቀረው ካርድ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ የሰው ሙሾ ስትይዢ ከማን እንደሰማሽውና በማን ለቅሶ እንደተባለ አብረሽ ጻፊ፣ ልቦለድ ውስጥ ስታስገቢው ስሙን ትቀይሪዋለሽ፣ ቤተሰቡ ሊያነበው ይችላላ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጅ ሆኜ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ቅኔ ቆጥሬያለሁ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ በማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። የኔታ በቃል ያልያዝከው ያንተ አይደለም ይሉን ነበርና ኖት መጻፍ እስካሁን አይሆንልኝም፣ የሰነፍ ይመስለኛል። ክላስ ውስጥ ሁሉም ሲጽፍ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ውጤቴ ግን እየወረደ ነው። ማስታወሻ መያዝ አእምሮ ያደክማል ወይ?

መልስ

ወንድሜ፣ የኔታ አልተሳሳቱም። ግን ቅኔ ቤት በቃልህ ምን እንደያዝክ አስታውስ፣ የግእዙን ግስ፣ እርባ ቅምሩን፣ አገባቡን ነው እንጂ የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድደህ ብትመጣ የኔታ ፊት ምን ይደርስብህ ነበር? ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብትሆንም አዲስ መሆን አለባት፣ መወድስ ስምንት ቤት ድረስ እንዲሁ። በቃል የሚያዘው መሳሪያው ነው፣ ስራው በየቀኑ ይፈጠራል። በአካውንቲንግም መሳሪያውን በቃልህ ያዝ፣ ዴቢትና ክሬዲት የት እንደሚገባ፣ የሂሳቡ ሚዛን ለምን እኩል እንደሚሆን። ያን ካንተ የተሻለ የሚይዝ ክላሱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የየጥያቄውን አሃዝ፣ የታክሱን ፐርሰንት፣ የሰንጠረዡን ቅርጽ ግን ጻፈው፣ እሱን መሸከም ለአእምሮህ ምንም አይጨምርለትም። ክላስ ውስጥ መስማት ከሆነልህ ስማ፣ ወጥተህ ቤትህ ሳትደርስ የሰማኸውን አንድ ገጽ አርገህ ጻፈው፣ ያልመጣልህን ቦታ ባዶ ተውና በነጋታው ጠይቅ።

እግረ መንገዴን ግን እኔም ልጠይቅህ፣ ያኔ ከዘረፍካቸው ቅኔዎች ዛሬ ስንቱ አለህ? እኔ የማውቃቸው የቅኔ ሰዎች ይሄን ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ትዝ የሚሉህን ጻፋቸው፣ ቅኔውን ብቻ ግን አይደለም፣ በየትኛው በዓል እንደተቀኘኸውና ያን ሰሞን አገሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ጭምር። ሰሙ የተወሰደበት ነገር ከተረሳ አስር አመት ቆይተህ ራስህ የሰራኸው ወርቅ አይታይህም። ለአንዱ ቅኔ አንድ ገጽ፣ ከላይ ቀኑና ምክንያቱ፣ መሃል ላይ ቅኔው፣ ከስር ሰሙና ወርቁ። ደብተሯን ደግሞ በፌስታል ጠቅልላት፣ ክረምት ገብቷልና ጣራ አይታመንም።