«ለአንተ ብዬ ያስወጣሁት አሳ ነው» አትበሉ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ባለፈው ወር ሁለት ነገር ገጠመኝና ግራ ገባኝ። መጀመሪያ አንድ የሕንድ ቤተሰብ መጣ። ጄይን ነን፣ ሥጋ አንበላም አሉ። እኔም ቀላል ነው ብዬ የጾም በያይነቱ አቀረብኩ። ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ቀይ ስሩን፣ ሽሮውን አንድ በአንድ እያዩ ፈገግ ብለው ተዉት። ቲማቲምና ቃሪያ ቀማምሰው፣ ሒሳብ ከፍለው ሄዱ። በጣም አፈርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከስሪላንካ የመጡ ባልና ሚስት ቡዲስት ነን ሲሉኝ፣ እንደገና እንዳላፍር ስለ አሳ ትንፍሽ ሳልል አትክልት ብቻ ልሠራላቸው ስነሳ «አሳ የለም እንዴ?» አሉኝ። ቀረሶ ጥብስ አዝዘው አጥንቱ እስኪቀር በሉ። ሁለቱም አትግደል የሚል እምነት አይደለም እንዴ? አንዱ ድንች ሲፈራ ሌላው አሳ ይበላል? ሌላ ጊዜ ቢመጡስ ምን ላብላቸው?
ባለምግብ ቤቷ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር አልሠራሽም። በያይነቱ ለእኛ ከሁሉ የጸዳ ምግብ ነው። ለጄይን ሰው ግን ወጥመድ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጄይኖች የአንድ ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ በስሜት ሕዋሱ ብዛት ይመድቡታል። ሰው፣ በሬ፣ አሳ አምስት አላቸው። ንብና ዝንብ አራት፣ ጉንዳን ሦስት፣ ትል ሁለት። ተክል ደግሞ አንድ አለው፤ መዳሰስ ብቻ። ስለዚህ ተክል መብላትም ለእነሱ ጉዳት ነው፤ ግን ሳይበሉ መኖር አይቻልምና ጉዳቱን ማሳነስ ነው ሥራቸው። ጎመን ቅጠሉን ብትቀነጥሺው ተክሉ ይኖራል። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ሲነቀሉ ተክሉ ይሞታል። በዚያ ላይ ሥራ ሥር ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ነፍሳት አብረው ይኖራሉ ብለው ያምናሉ፤ ሲነቀል ደግሞ አፈር ውስጥ ያለው ትልና ጉንዳን አብሮ ያልቃል። እንግዲህ ያን ትሪ በእነሱ ዓይን እዪው።

ሽሮውስ? ትይኝ ይሆናል። ሽሮው ሽንኩርት ቁሌት አለው፣ ያን ብትተዪው እንኳ በርበሬው ራሱ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበታል፣ ምጥን ሽሮም ከሆነ ዱቄቱ ውስጥ አለ። የሐበሻ ወጥ ቤት ሽንኩርት ያልነካው ነገር ፈልግ ቢባል ከጨውና ከውሃ ሌላ የሚተርፈው ጥቂት ነው!

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ሲመጡ እንዲህ አድርጊ። ክክ አልጫ በዘይትና በእርድ ብቻ ሥሪ። እርድም ሥር ነው ትይኝ ይሆናል፤ ልክ ነሽ፣ ግን ደርቆ የተፈጨውን ብዙዎቹ ይበላሉ። ፎሶሊያ በቲማቲምና በቃሪያ ይሆናል። እንጀራን በተመለከተ ጠይቂያቸው፤ ጥብቅ የሆኑት ያደረ ምግብ አይበሉም፣ ሦስት ቀን የቦካ ሊጥማ አይታሰብም። ቂጣ ወዲያው ጋግሪላቸው። ማር አይነኩም፣ ከንብ የተቀማ ነዋ፤ ስለዚህ ብርዝም ጠጅም የለም። ወተት ግን አብዛኞቹ ይጠጣሉ፣ የነጠረ ቅቤም ይበላሉ፣ ብቻ የእኛ ንጥር ቅቤ ነጭ ሽንኩርት ሊገባበት ስለሚችል ተጠንቀቂ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ ፀሐይ ከገባች በኋላ አይበሉም፣ በጨለማና በመብራት ነፍሳት ምግቡ ላይ ይወድቃሉ ብለው። ስለዚህ እራታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ምጣዱን አስቀድመሽ ጣጂ።

ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕንድ ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፣ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ግን ግትር ናቸው፣ በጥሩ ጎኑ። ጉጃራት ውስጥ ፓሊታና የሚባል የቤተ መቅደሶች ከተማ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መነኮሳቱ ከተማው ውስጥ እርድ ይቁም ብለው የረሃብ አድማ መትተው ነበር። ተሳክቶላቸዋል።

አሁን ወደ ስሪላንካዎቹ እንምጣ።

ቡድሃና የጄይኖቹ መምህር ማሃቪራ የአንድ ዘመን፣ የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ከ2,400 ዓመት በፊት ገደማ አስተምረዋል። ሁለቱም አትግደል ብለዋል። የተለያዩት «ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጄይኖቹ የገደለውም፣ ያስገደለውም፣ ሲገደል እሺ ያለውም እኩል አለበት ይላሉ፤ በላተኛ ባይኖር አራጅ አይኖርም። ቡድሃ ግን ሐሳቡን ነው የሚያየው። የቡድሃ መነኩሴ ኮሮጆ ሳይሆን ሳህን ይዞ በየደጁ የሚዞር ለማኝ ነው፣ የሰጡትን ይበላል፣ ይህን እወዳለሁ ያን አልወድም ማለት አያምርበትም። ስለዚህ ሥጋ ቢሰጠው ይበላል፤ እንስሳው ለእሱ ተብሎ ሲታረድ ካላየ፣ ካልሰማ፣ ካልጠረጠረም። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። የአሥር ፍጥረት ሥጋ ግን በምንም ምክንያት አይበላም፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰው፣ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ እባብ፣ አንበሳና ጅብ ይገኙበታል። ጅብ ለመብላትስ ማን አስቦት ነው?

ይህ ሕግ እንዴት እንደመጣ የሚነገረው ታሪክ ደስ ይለኛል። ቬሳሊ በምትባል ከተማ ሲሃ የሚባል የጦር አዛዥ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ የጄይኖቹ ደጋፊ። በኋላ ወደ ቡድሃ ዞረና ግብዣ ጠራው። አገልጋዩን ገበያ ልኮ ያለቀለትን፣ የተዘጋጀ ሥጋ ብቻ እንዲገዛ አደረገ። ጄይኖቹ ይህን ሲሰሙ «ሲሃ ዛሬ ትልቅ ከብት አርዶ ለጎታማ (ለቡድሃ ማለታቸው ነው) አበላ፣ እሱም ለእሱ መታረዱን እያወቀ ሊበላ ነው!» እያሉ እጃቸውን እያውለበለቡ በየመንገዱ ጮኹ። ሲሃ እኔ ነፍሴ እንኳ ብትወጣ አውቄ ሕይወት አላጠፋም አለ። ቡድሃም ከዚያ በኋላ ሦስቱን መስፈርት ደነገገ ይባላል። በእርግጥ ይህን የጻፉት ቡዲስቶቹ ናቸው፣ የጄይኖቹን ቃል እዚያ ውስጥ አናገኘውም። እኔን ብትጠይቂኝ ግን የጄይኖቹ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሉካንዳው በሬውን ያረደው ለማንም አይደለም እንበል፤ ገዢ እንደሚመጣ ግን ያውቃል።

ለምእመኑ ሕጉ ይላላል። ራስህ አትግደል፣ ግደልልኝም አትበል ነው ዋናው። ሥጋ መነገድ ግን ምእመኑ ከሚከለከላቸው አምስት ንግዶች አንዱ ነው፣ ከመሣሪያ፣ ከሰው ሽያጭ፣ ከመጠጥና ከመርዝ ጋር። ብላ፣ ግን አትሽጥ ማለት ይመስላል፤ ይሄን ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። እኛ ሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች እንግዳ ስናከብር ምን እንላለን? «ትኩስ ነው፣ አሁን ከታንኳ የወረደ፣ ለአንተ ብዬ ያስወጣሁት!» ከዚህ የበለጠ ማባበያ የለንም። ለእንግዳ በግ ካልታረደ፣ ዶሮ ካልተያዘ እንግዳ ተቀበልን አንልም። ለጥብቅ ቡዲስት ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ምግቡን የምታበላሸው። አሳው አስቀድሞ ተይዞ በረዶ ላይ ካለ «አለ» በያቸው፣ በቃ። አምባዛም ቢሆን ያው ነው። አክባሪ ሆነሽ አታክብድባቸው።

ደግሞ ቡዲስት ሁሉ አንድ አይደለም። የቻይና መነኮሳት ሥጋም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የሊያንግ ንጉሥ ዉ መነኮሳቱ ሥጋና መጠጥ እንዲተዉ አዝዟል። ከቲቤት የመጣ እንግዳ በተቃራኒው ሥጋ ቢጠይቅሽ አትደንግጪ፤ ያን የሚያህል ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ያክ ከሚባለው ጠጉራም የደጋ ከብትና ከገብስ ሌላ ብዙ ነገር አይበቅልም፣ አይረባም። የቲቤት ቡዲስቶች መሪ ዳላይ ላማ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሥጋ ትተው ጉበታቸውን ሲታመሙ ሐኪሞቻቸው እንደገና ብሉ ብለዋቸዋል። ጠይቂ። ከመገመት መጠየቅ ይሻላል፣ ያውም በሆቴል ሥራ።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ የምኖረውም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። የሕንዶቹን ጉዳይ ከጎረቤቴ ጋር ስናወራ «ከእኛ ጾም ጋር አንድ ነው» አለኝ። እኔ አልተቀበልኩትም። ማን ነው ልክ?
ጡረተኛው መምህር

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት። ግን ጎረቤትዎም ጨርሶ አልተሳሳቱም።

ትሪው ይመሳሰላል፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። እኛ ሁዳዴን 55 ቀን ስንጾም ለላሚቱ አዝነን አይደለም። ሥጋችንን ለማድከም፣ ነፍሳችንን ለማንቃት ነው። በፋሲካ ሌሊት ዶሮው ይወጣል፣ በሬው ይጣላል፣ ቅርጫው ይካፈላል፣ ማንም አይጸጸትም። ለጄይን ግን ፋሲካ ብሎ ነገር የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። እኛ የምንተወውን ወተት እነሱ ይጠጣሉ፣ እነሱ የሚተዉትን ድንች እኛ ጾም ነው ብለን ሁለት ጭልፋ እናስጨምራለን።

ስለ አሳ ጾምነት እዚህ ከተማ የሚደረገውን ክርክር እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታልና አልገባበትም።

ስለጾም ካነሳን ግን ጄይኖቹ ባለጠጎች ናቸው። ፓርዩሻና የሚባል የስምንት ቀን ወቅት አላቸው፤ ጠንካሮቹ ስምንቱንም ቀን የተፈላ ውሃ ብቻ ጠጥተው ያሳልፉታል፣ ያውም በቀን ብቻ። መጨረሻው ቀን ላይ ዘመድ ከዘመድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተገናኘ በማወቅም ባለማወቅም ለበደልኩህ ይቅር በለኝ ይባባላል። ይሄኛው ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፣ ለጎረቤትዎ ይንገሯቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ለመገረም ያህል። ጄይኖች ማረስን ይሸሻሉ፤ ማረሻ አፈር ውስጥ ያለውን ፍጥረት ይቆራርጣል ብለው። ብዙዎቹ ነጋዴ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ከፊት ለፊታችን ያለው ዘጌ ላይም በጥንቱ የገዳም ወግ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው፣ ሰዉ በቡናና በጌሾ ነው የሚኖረው፣ ጫካውም ለዚህ ነው ያልተመነጠረው። ምክንያቱ ፍጹም ሌላ ነው፣ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው የሚባለው። ግን ሁለቱም ጋ ማረሻ የለም።

ጥያቄ፦ ቡድሃ የሞተው የአሳማ ሥጋ በልቶ ነው የሚባለው እውነት ነው?
ተማሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ እስካሁን ያላለቀ ክርክር ነው። ቹንዳ የሚባል አንጥረኛ ነበር የጋበዘው። ያበላው ነገር በፓሊ ቋንቋ ሱካራ ማዳቫ ይባላል፣ ሱካራ አሳማ፣ ማዳቫ ለስላሳ እንደማለት። አንዳንዱ ለስላሳ የአሳማ ሥጋ ነው ይላል፣ ሌላው አሳማ የሚወደው እንጉዳይ ነው ይላል። ሥጋ ነው ብንል እንኳ በሦስቱ መስፈርት ካለፈ ሕግ አልጣሰም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ቡድሃ የተረፈውን ቅበረው፣ ለሌላ ሰው አትስጥ ብሎታል። ከዚያ በጣም ታመመ፣ ደም ቀላቀለው። ሊሞት ሲል አናንዳ የሚባለውን ደቀ መዝሙሩን ጠርቶ፣ ቹንዳ «ቡድሃ በእኔ ምግብ ሞተ» ብሎ እንዳይጸጸት ንገረው፣ ማንም ቢወቅሰው እንዲህ ብላችሁ አጽናኑት ብሎ አዘዘ፤ የመጨረሻውን ምግብ ያበላኝ ሰው ዋጋው ትልቅ ነው።