በረዶ ለሚበዛበት አገር ርካሽ አሮጌ መኪና

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የምኖረው በረዶ በሚጥልበት አገር ነው፣ እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ አሮጌ መኪና ልገዛ ነው፣ ሰው ሁሉ ፎር ዊል (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) ካልሆነ አትግዛ ይለኛል፣ እውነት ነው? ከገዛሁስ በኋላ ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ፎር ዊል ሲነሳና ዳገት ላይ ይረዳሃል፣ ፍሬን ስትይዝ ግን ምንም አይጨምርልህም፣ እሱ የጎማ ስራ ነው፣ ስለዚህ ያለቀለት ፎር ዊል ከምትገዛ፣ በፊተኛው ጎማ የሚነዳ ቀላል መኪና ገዝተህ የተረፈውን የክረምት ጎማ ላይ አውለው፣ አራቱንም ነው ያልኩህ፣ ሁለት ብቻ ቀይረው ኩርባ ላይ የሚሽከረከሩ አሉ። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች መጠጠር ይጀምራል፣ የክረምቱ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል።

ስትገዛ ከስር ግባና እይ፣ ሻጩ ደስ ባይለውም። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን (መኪናውን የተሸከመውን ብረት) እና የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹን ይበላል። ከስር አዲስ ጥቁር ቀለም ካየህ ጠርጥር፣ ዝገት መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

ባትሪ ደግሞ በብርድ አቅሙ በጣም ይወርዳል፣ የሞተር ዘይቱም ወፍሮ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይከብደዋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጠዋት ቀረህ ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ቻርጅ አድርገው፣ ካልያዘ ቀይረው። ራዲያተር ውስጥ ውሃ ብቻ ካለ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል፣ አንቲፍሪዝ (በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) እና ውሃ እኩል በእኩል ከሆነ ግን እስከ -35 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ማሞቂያው ለብ ብሎ ከቀረ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን) አስፈትሽ፣ ርካሽ ዕቃ ነው።