ዲግሪ ይዤ ምዝገባ ተከለከልኩ

ጥያቄ፦ በምህንድስና ተመርቄ ለሙያ ምዝገባ ሳመለክት ቦርዱ «የተማሩበት ፕሮግራም ዕውቅና የለውም» አለኝ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ በመንግሥት ዕውቅና እንዳለው ይናገራል። እኛ የትምህርት ክፍሉ የመጀመሪያ ዙር ተመራቂዎች ነን። ማንን ልክሰስ? ፍርድ ቤትስ ያስመዘግበኛል?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ፈቃድ ዲግሪ እንዲሰጥ ያስችለዋል፤ የሙያ ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ነው፤ ምዝገባ ደግሞ የግለሰቡ ነው። ሰጪዎቹ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፣ የሚመሩበት ሕግም እንዲሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ የተከለከሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይያዙ። በመስኮት በተነገረ «አይሆንም» ላይ ይግባኝ ማለት ያስቸግራል። ቀን፣ ቁጥር፣ አንቀጽና ምክንያት ያለው ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ፤ የማመልከቻዎን ቅጂም የገቢ ማኅተም አስመትተው ያስቀሩ።

የመጀመሪያ ዙር ተመራቂዎችን በብዛት የሚጎዳው የቀን ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ዕውቅና ሰጪ ኤቤት፣ ፕሮግራሙ ቢያንስ አንድ ተመራቂ ካላወጣ ዕውቅና አይሰጠውም። እንዲህ ባለ አሠራር የመጀመሪያው ተመራቂ ከግምገማው መቅደሙ የግድ ነው፤ ወሳኙም ዕውቅናው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይደርስለታል ወይ የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲውን «ዕውቅና አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ «የሚጸናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? በምን ስም ነው የተሰጠው?» ብለው የምስክር ወረቀቱን ግልባጭ ይውሰዱ።

ስሙ ቀላል ነገር አይደለም። ዲግሪው ላይ «የውኃ ሀብትና አካባቢ ምህንድስና» ተጽፎ፣ የዕውቅናው ወረቀት «ሲቪል ምህንድስና» የሚል ከሆነ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። ስሙ ብቻ ተለውጦ ትምህርቱ ያው ከሆነ፣ የስም ለውጡን ያጸደቀው የሴኔት ቃለ ጉባኤ፣ የሬጅስትራር ደብዳቤና የየኮርሱ ዝርዝር ከክሬዲቱ ጋር ይያያዝ። ይህ ብዙ ጊዜ ክስ ሳያስፈልግ ይፈታል።

አልፈታ ካለ የቦርዱን የውስጥ ይግባኝ ይጨርሱ። በሕጉ የተቀመጠውን ይግባኝ ዘሎ የመጣን ሰው ፍርድ ቤት «መጀመሪያ እዚያ ጨርስ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የይግባኙ ጊዜ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ «እንደገና ይታይልኝ» የሚል የልመና ደብዳቤ ማስገባት ደግሞ ሕጉ ካልፈቀደ በቀር ቆጠራውን አያቆመውም። ብዙ ጥሩ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ።

ፍርድ ቤት በአብዛኛው «ይመዝገብ» ብሎ አይፈርድም፤ ውሳኔውን ሽሮ ቦርዱ እንደገና እንዲያየው ይመልሳል። የሚያስኬዱት ነጥቦች ቦርዱ ከሥልጣኑ አልፏል፣ ሳይሰማኝ ወስኗል፣ ምክንያት አልሰጠም፣ ከአንድ ዙር ሌላውን መዝግቦ እኔን ከልክሏል የሚሉት ናቸው። «ትምህርታችን ጥሩ ነበር» የሚለው ግን የሙያ ግምገማ ስለሆነ ዳኛ ለመመዘን አይደፍርም።

ዩኒቨርሲቲውን መክሰስ ሌላ መዝገብ ነው፤ የሚጠየቀውም የክፍያ ተመላሽና ካሳ ነው። ዋናው ማስረጃ በገቡበት ዓመት የወጣው የመግቢያ መጽሔትና ማስታወቂያ ነው፣ ድረ ገጹ ከመለወጡ በፊት ያትሙት። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. የሚመለከተው የቴክኒክ ትምህርት ምክር ቤት ሳያጸድቃቸው በርቀት የተሰጡ የምህንድስና ዲግሪዎችን ሲያይ፣ ከ2001 እስከ 2005 የገቡትን ዲግሪያቸውን አግዶ ፈተና እንዲወስዱ ፈቅዷል፤ ከዚያ በኋላ የገቡትን ግን ሰርዞ ክፍያቸው እንዲመለስ አዝዟል። የመግቢያ ዓመት ምን ያህል ዕጣ እንደሚለይ ከዚህ ይታያል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ በዋሽንግተን ስምምነት ውስጥ ነው። ሌላ አገር ያለ ተጨማሪ ፈተና ልመዘገብ መብት አለኝ?

መልስ፦ የለዎትም። በ1989 እ.ኤ.አ. በስድስት አገሮች የምህንድስና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካላት የተፈረመው ይህ ስምምነት የፕሮግራሞችን ተመጣጣኝነት እንጂ የግለሰብን ምዝገባ አያረጋግጥም። አባል አካሉ ሙሉ ፈራሚ ከመሆኑ በፊት የተመረቁ ሰዎችም በአጠቃላይ አይሸፈኑም፤ ገና ሙሉ ፈራሚ ያልሆነ «ጊዜያዊ አባል» መሆኑ ደግሞ ይህን የተመጣጣኝነት ዕውቅና አያስገኝም።

ተጨማሪ ፈተና ሲታዘዝ «አድልዎ ነው» ብሎ መክሰስ ቀላል መንገድ አይደለም። በካናዳ አልበርታ በቀድሞዋ ቼኮዝሎቫኪያ የተማረ መሐንዲስ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰብአዊ መብት ችሎት ረትቶ 10,000 ዶላር ተፈርዶለት ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ግን የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮታል። ምክራችን ፈተናውን እየተፈተኑ ይከራከሩ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ ክርክሩ እስኪያልቅ «ኢንጂነር» ብዬ መፈረም እችላለሁ?

መልስ፦ ማዕረጉ በሕግ በተጠበቀበት አገር አይፈርሙ። ሊያስቀጣ ይችላል፤ ከዚያም በላይ በምዝገባው ላይ ለመልካም ሥነ ምግባር መጠይቅ መጥፎ መልስ ይሆናል። ንድፍና ስሌት መሥራት የሚችሉት በተመዘገበ መሐንዲስ ኃላፊነት ሥር ነው፤ የሠሩትንም በየወሩ ከፕሮጀክቱ ስምና ከድርሻዎ ጋር መዝግበው ያስፈርሙት። ቦርዱ ልምዱን ከየትኛው ቀን እንደሚቆጥር ግን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።