አልሸነፍ ያለው ፐርፕል ሮቦት

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ አዘጋጆች፣ እንዴት ናችሁ አቦ፣ የምጽፍላችሁ ከድሬ ሳቢያን ነው። ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ሁሉም ሰው ፊፋ ነው የሚጫወተው፣ እኔ ግን በቀደም ባለቤቱ ላፕቶፑ ላይ የጫናትን ሜጋ ማን ኤክስ ሞክሬ ሱስ ያዘኝ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ገና የመጀመሪያው ስቴጅ መጨረሻ ላይ ትልቅ ማሽን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚመጣ ፐርፕል ሮቦት አለ፣ እሱን ወላሂ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተኮስኩበት ምንም አይሆንም! እኔም ብዙ አልመታም፣ እየዘለልኩ አመልጠዋለሁ፣ ግን አይሞትም። የምንከፍለው በሰዓት ነው፣ ብሬ አለቀ፣ ፊፋ የሚጫወቱት ደግሞ ይስቁብኛል። ጌሙ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ? ከሱ በኋላ ስምንት ቦስ፣ ማለትም የየስቴጁ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ ዋና ጠላት አለ አሉኝ፣ ከየቱ ልጀምር? መብራት ሲሄድስ ሁሌ እንደ አዲስ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ጌሙም አልተበላሸም አንተም አልሰነፍክም፣ እንደውም ያሰረህ ጉብዝናህ ነው። ያ ሮቦት ቫይል ይባላል፣ እዛ ቦታ ላይ እንዲሸነፍ ተደርጎ አልተሠራም። ታሪኩ የሚቀጥለው ያንተ ላይፍ ወርዶ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ያኔ ቫይል ጨምድዶ ይይዝሃል፣ ወዲያው ዜሮ የሚባለው ቀዩ ሮቦት፣ ወዳጅህ፣ ከተፍ ይልና የማሽኑን እጅ በአንድ ጥይት ይገነጥልልሃል፣ ቫይል ይፈረጥጣል። አንተ ግን እየዘለልክ ስታመልጥ ዜሮ በምን ምክንያት ይምጣ? ስለዚህ ጆይስቲኩን አስቀምጥና ሻይህን ፉት በል፣ ይደብድብህ። ጌሙን ማን ቶሎ ይጨርሳል ብለው የሚወዳደሩ ሰዎች እንኳ እዛ ጋ ሲደርሱ ጊዜ ለመቆጠብ ሆን ብለው ነው ራሳቸውን የሚያስመቱት። ሂሳብህን የምታወራርድበት ቀን ደግሞ መጨረሻው አካባቢ አለልህ፣ ከዚህ በላይ ብነግርህ ታሪኩን አበላሽብሃለሁ።

እንደኔ እንደኔ ይቺ የመጀመሪያ ስቴጅ የጌሙ ምርጥ ቦታ ናት። ንብ የምትመስለውን ትልቋን ሄሊኮፕተር ስትመታት አስፋልቱ ላይ ትወድቃለች፣ መንገዱ ይደረመሳል፣ አንተም ጉድጓድ ውስጥ ትገባለህ አይደል? እዛ ውስጥ ማንም መጥቶ ግድግዳ ላይ መውጣት ትችላለህ አይልህም፣ ጨንቆህ ግድግዳውን ተጠግተህ ስትጫን ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል፣ ዝላይ ስትነካ ይወጣል፣ በቃ ተማርክ ማለት ነው። ካፕኮም ይቺን ጌም በፈረንጆች 1993 መጨረሻ ላይ ለሱፐር ኒንቴንዶ ነው ያወጣት፣ ያኔ የተሠራ ነገር ዛሬም ሳይናገር ያስተምራል፣ የአሁኖቹ ግን አንድ እርምጃ በተራመድክ ቁጥር ስክሪኑን በጽሑፍ ይሞሉብሃል።

ቦሶቹን ከፔንግዊኑ ጀምር፣ ቺል ፔንግዊን ይባላል። በተራ ጥይት ይሞታል፣ ተኩሱን ተጭነህ ይዘህ ቻርጅ አድርገህ ስትለቀው ደግሞ ቶሎ ይሞታል፣ ዋናው ጥቅም ግን እሱ ስቴጅ ውስጥ መንገድህ ላይ ዳሽ፣ ማለትም በፍጥነት መወርወር የሚያስችል ጫማ አለ፣ ዳሽ አድርገህ ስትዘል ርቀትህ ሌላ ነው። ከዛ የሱን በረዶ ይዘህ ስፓርክ ማንድሪል ጋ ሂድ፣ ዝንጀሮው በረዶው በነካው ቁጥር ድርቅ ይላል፣ ያሳዝንሃል። ቦሶቹ ሁሉም የእንስሳ ቅርጽ አላቸው፣ የያንዳንዱ መሣሪያ ለሌላው መድኃኒት ነው፣ የማንድሪሉ ኤሌክትሪክ አርማዲሎውን ትጥቁን ያስወልቀዋል፣ የአርማዲሎው ኦክቶፐሱን ይጎዳል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ደግሞ ፔንግዊኑን ከገደልክ በኋላ ማሞቱ ጋ ስትሄድ ያ የሚንተከተከው የቀለጠ ነገር በረዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። ንስሩን ቀድመህ ከጣልከው ደሞ አውሮፕላኑ ማንድሪሉ ስቴጅ ላይ ስለሚወድቅ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የድሬ ልጅ ግን ለዚህ ሥልጠና አያስፈልገውም።

የመብራትን ነገር ካነሳን፣ የድሮው ካሴት ሴቭ የሚባል ነገር የለውም፣ አንድ ስቴጅ ስትጨርስ ባለ 12 ቁጥር ፓስወርድ ይሰጥሃል፣ ከ1 እስከ 8 ባሉ ቁጥሮች የተሠራ ነው፣ እሱን ደብተር ላይ ጻፍ ወይም በስልክህ ፎቶ አንሳው። ስቴጅ መሀል ላይ ከሄደ ግን ያቺን ስቴጅ እንደገና ነው። ባለቤቱ የጫነው በፈረንጆች 2018 የወጣውን የሜጋ ማን ኤክስ ጌሞች ስብስብ ከሆነ ሴቭ ያደርጋል፣ ለጀማሪ የሚያቀል ሞድም አለው፣ ብትጠቀምበት አናፍርብህም፣ ፊፋዎቹ ግን አይዩህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከሐረር ሸንኮር ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ ይቺኑ የሮቦት ጌም ላፕቶፑን በገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ይጫወትና ገደል ሲገባ «ማዬ እኔ እኮ ዘልያለሁ፣ ቲቪው ነው የዘገየው» ይለኛል። ሰበብ ነው ወይስ እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲል ትንሽ ይዞ ነው የሚያሳየው፣ አንዳንዱ ከ100 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አሥረኛ) በላይ ይዘገያል። ለፊልም ምንም ማለት አይደለም፣ ይቺ ጌም ግን በሰከንድ ወደ 60 ምስል ነው የምታሳየው፣ ስለዚህ ልጅዎ የሚያየው ስድስት ምስል ወደኋላ የቀረውን ነው፣ ጫፍ ላይ ቆሞ ለሚዘል ልጅ ያ ብዙ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የምስሉን ምርጫ ጌም ሞድ ያድርጉለት፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች አላቸው። ከሌለው ገመዱን ይንቀሉና ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ራሱ ይጫወት። እዛም ገደል ከገባ እንግዲህ ጣቱ ነው።