ሞጁሉን ለመጨረስ አትሩጪ፦ ስለ ዓለም ታሪክ ኮርስ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። የዓለም ታሪክ ኮርስ ገና አሁን ተሰጠኝ ብለሻል። ሞጁሉ ከጥንት ሥልጣኔዎች ተነስቶ እስከ ቀዝቃዛው ጦርነት ይዘልቃል። ተማሪዎቹ «ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ፤ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ሀንድአውት ብቻ ነው የሚጠይቁት። ሴሚስተሩ አይበቃኝም፣ ምኑን ትቼ ምኑን ልያዝ ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚሁ ጎጃም ውስጥ ይህንኑ ኮርስ ለዓመታት ሳስተምር ኖሬያለሁና ያዋጣኝን ልንገርሽ።

ሁሉንም እሸፍናለሁ የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተዪው። ሜሶፖታሚያ፣ ግብፅ፣ ኢንደስ፣ ቻይና እያልሽ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ከሰጠሽ ሚድ ሲደርስ ገና ነሐስ ዘመን ላይ ነሽ። እኔ አራቱንም በአንድ ጥያቄ ነው የምይዛቸው፦ ከገበሬው የተረፈውን እህል ማን ሰበሰበው? ማንስ መዘገበው? የሜሶፖታሚያዋ ከተማ የኡሩክ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ጽሑፎች በአብዛኛው የእህል፣ የከብትና የሠራተኛ ቀለብ መዝገብ ናቸው። የገበሬ ልጅ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ግብር ምን እንደሆነ፣ ጎተራ ምን እንደሆነ ከቤቱ ያውቃል። የነገሥታቱን ስም ዝርዝር ግን ያለ ጸጸት ዝለዪው።

«ምን ያደርግልናል?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ንቀት አትቁጠሪው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። ሩቅ አገር የተደረገ ነገር እዚህ ያለን ሰው ሕይወት እንዴት እንደሚነካ አንዴ ጥርት አድርገሽ ካሳየሻቸው ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ለዚህ ብዬ በየዓመቱ የማልተወው አንድ ክፍለ ጊዜ አለ። በሰሌዳው አንዱ ጫፍ «የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ 1861» ብዬ እጽፋለሁ። በሌላው ጫፍ «ሳር ውኃ፣ 1888»። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሳር ውኃን የሚያውቁ አይጠፉም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደርቡሾች፣ ማለትም በሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ የተሸነፉበት ነው፤ ከዚያም ጎንደር ተቃጠለች። ታዲያ አሜሪካ ከዚህ ምን አገናኛት?

አንድ በአንድ እንሄዳለን። ጦርነቱ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጥጥ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች እንዳይሄድ አገደው። የጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። ግብፅ ጥጥ አምራች ነበረችና ገንዘብ ጎረፈላት። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ያንን ተማምኖ ከአውሮፓ ባንኮች ተበደረ፤ የባቡር ሐዲድ፣ የመስኖ ቦይ፣ ቤተ መንግሥት አሠራ። በ1865 ጦርነቱ ሲያበቃ የጥጥ ዋጋ ወረደ። ዕዳው ግን አልወረደም፤ እንዲያውም እየከበደ ሄደ። በ1875 እስማኤል የስዊዝ ቦይ አክሲዮኑን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በዚያው ዓመት ጦሩን ወደ እኛ ላከ። አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ድል አደረጉት።

እዚህ ላይ እንቅልፍ የያዘውም ቀና ይላል። ምክንያቱም ጉራ ላይ በግብፅ ጦር ውስጥ በዚያው በአሜሪካው ጦርነት የተዋጉ መኮንኖች ነበሩ። አንዱ ሎሪንግ ይባላል፤ የደቡቦቹ ጄኔራል የነበረ ሰው ነው።

ከዚያ ግብፅ ከሰረች። በ1882 እንግሊዝ ገብታ ያዘቻት። ሱዳን ውስጥ ማህዲ ተነስቶ የግብፅን ጦር ሰፈሮች ከበበ። እንግሊዝ የተከበቡትን ለማስወጣት በ1884 ከአፄ ዮሐንስ ጋር በመልእክተኛዋ በአድሚራል ሂወት ስም የሚጠራውን ውል ተዋዋለች። ዮሐንስ የተከበቡት በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ በዚያው የደርቡሾችን ጠላትነት ተሸከሙ። በ1885 ደግሞ ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ እንግሊዝ አልተቃወመችም። በ1888 የደርቡሽ ጦር ሲመጣ ሳር ውኃ ላይ የገጠመው የጎጃም ጦር ነበር።

ይህን ስታስተምሪ አንድ ነገር ጠብቂ። ተማሪው «እንግዲያው ሁሉም የመጣው ከአሜሪካ ጥጥ ነው» ብሎ እንዳይወጣ። ግብፅ ሱዳንን የያዘችው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ከ1820 ጀምሮ ነው። እስማኤል ራሱ የዓባይን ተፋሰስ የመጠቅለል ምኞት ነበረው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክፍሉን በቡድን ከፍዬ አከራክራለሁ፦ ከነዚህ ምክንያቶች የትኛው ይከብዳል? የትኛው ባይኖርም ነገሩ ይደርስ ነበር? ምክንያትን መመዘን የሚማሩት እዚያ ነው። ለእኔ ከኮርሱ ሁሉ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ተማሪው ዓመተ ምሕረቱን ቢረሳ አይቆጨኝም። ይህን ሳይማር ቢወጣ ግን ያሳዝነኛል።

ሌላው የማይታለፍ ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ልጆቻችን ጣሊያን የወረረን በ1928 እንደሆነ ከሕፃንነታቸው ያውቃሉ። ከዚያ መጽሐፉ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በ1929 ጀመረ ይላቸዋል። ብዙዎቹ ወረራው ከድቀቱ በፊት የሆነ ይመስላቸዋል። እኛ 1928 የምንለው እነሱ 1935 እና 1936 የሚሉት ነው። ነገሩ ሲገለበጥ ምክንያቱም ይገለበጣል። ሙሶሊኒ የወረረን ድቀቱ ዓለምን ካናጋ በኋላ፣ ጃፓን በ1931 ማንቹሪያን ይዛ የመንግሥታቱ ማኅበር ሊያስቆማት አለመቻሉን ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ስጪ። የሁለቱን አቆጣጠር የጊዜ መስመር ጎን ለጎን ራሳቸው ደብተራቸው ላይ ያስምሩት። ሴሚስተሩን ሙሉ ያገለግላቸዋል።

ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትደርሺ ደግሞ አገራችን ራሷ ካርታሽ ናት። መጋቢት 28 ቀን 1933ን ውሰጂ፤ በእነሱ ሚያዝያ 6 ቀን 1941 ነው። በዚያች ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባም በዚያው ቀን በእንግሊዝ በኩል በተሰለፈው ጦር እጅ ገባች። ጀርመን ዩጎዝላቪያንና ግሪክን የወረረችውም በዚያው ቀን ነው። ተማሪው በላይ ዘለቀን ያውቃል፤ የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝ የሚልም ሞልቷል። ግን አርበኞቻችን ሲዋጉ ቤልግሬድ በቦምብ ትነድ እንደነበር አስቦት አያውቅም። ሦስቱን ቦታዎች ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። ፕሮጀክተር አትጠብቂ፤ መብራት ይጠፋል። ዓለምን በጠመኔ መሣል ልመጂ። ማማሩ ግድ የለም፤ የቀይ ባሕርና የሜዲትራኒያን አቀማመጥ ከታየ ይበቃል።

ለኮሎምበስ ዘመንም መነሻ አታጪም። የቡሬ በርበሬ፣ የሜጫ በቆሎ፣ የአዊ ድንች ዘራቸው ሁሉ የአሜሪካ አህጉር ነው። ከ1492 በፊት እዚህ አንዳቸውም አልነበሩም። ያለ በርበሬ የተሠራ ወጥ አስቡ ስትያቸው ክፍሉ ይንጫጫል፤ ያኔ ትምህርቱን ጀምሪ።

ነገር ግን ሁሉንም ነገር በጎጃም በር አታስገቢ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። እኛን ስላልነካ ብቻ ዋጋ የሚያጣ ታሪክ የለም። የሄይቲ ባሮች በ1791 ተነስተው በ1804 ነፃ አገር መመሥረታቸውን ስናገር ከእኛ ጋር ላገናኘው አልሞክርም። ለራሱ ሲባል ይነገር። «እኛ አልተገዛንም» የሚለው ኩራታችን ደስ ይላል፤ ግን የተገዙትን ሕዝቦች ትግል ላለማወቅ ሰበብ ከሆነ ልጆቹን ይጎዳቸዋል።

ስለ ቋንቋ ብዙ አልልም። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ግን ሐሳብ የሚያፈልቁት በአማርኛ ነው፤ አዊኛ አፋቸውን የፈቱበትም አሉ። ክርክሩ በሚቀላቸው ቋንቋ ይሁን። ከዚያ የተከራከሩትን በእንግሊዝኛ ግማሽ ገጽ ይጻፉት። ለየርዕሱ አምስት ስድስት ቁልፍ ቃል አስቀድመሽ ስጫቸው።

የቡድን አሳይመንት ግን አልመክርሽም። አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ሰው ጠይቆ ይምጣ። በደርግ ጊዜ ወታደር የነበረ አባት፣ አጎት ወይም አያት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። መሣሪያው ከየት አገር መጣ? ማን አሠለጠናችሁ? በእኛ አቆጣጠር ከ1969 በኋላ ሶቪየትና ኩባ ለምን ከእኛ ጋር ቆሙ? ቀዝቃዛው ጦርነት በዚያ መልስ ውስጥ አለ። ማስገደድ ግን አይገባም። ማውራት የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ተማሪ ሌላ ርዕስ ይወስዳል።

ሀንድአውት ስለመጠየቃቸው ልጆቹን አልወቅስም። «የበርሊን ጉባኤ መቼ ተካሄደ?» ብለን ከፈተንን የሚያዋጣቸው ሀንድአውት ነው። ስለዚህ ፈተናሽን ቀይሪ። ቀኖቹን አንቺው ወረቀቱ ላይ ጻፊላቸው፤ 1869 ስዊዝ ተከፈተ፣ 1882 እንግሊዝ ግብፅን ያዘች፣ 1884 የበርሊን ጉባኤ ተጀመረ፣ 1885 ጣሊያን ምጽዋን ያዘች። ከዚያ «ሁለቱን መርጠህ አንዱ ለሌላው እንዴት መንገድ እንደከፈተ አስረዳ» በያቸው። ክፍሉ ሰባ ተማሪ ከሆነ ማረሙ ያደክማል፤ መልሱን በአንድ ገጽ ከገደብሽው ግን ይቻላል። ከሚድ በፊት አንድ መለማመጃ ስጫቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ላይ ይደነግጣሉ።

የጥጡን ክፍለ ጊዜ ከነካርታው በእጄ ጽፌ ይዤዋለሁ። ከፈለግሽ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።